«የረኃብ ጨዋታዎች» የተባለው ድርሰት በአምቦና በአካባቢው አንባብያን ዘንድ

መግቢያ

አንድ መጽሐፍ ከደራሲው እጅ ከወጣ በኋላ የአንባቢው ገንዘብ ይሆናል። አንባቢውም እንደ አገሩ፥ እንደ ዕድሜውና እንደ ደረሰበት ነገር ይተረጕመዋል። ስለዚህ የአንድን መጽሐፍ ነገር አጥርቶ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው፥ ከተጻፈው ቃል በተጨማሪ የተነበበበትን ስፍራ ሊመረምር ይገባዋል።

በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንገልጽ ያሰብነው፥ ሱዛን ኮሊንስ የተባሉት አሜሪካዊት ደራሲ ለወጣቶች የጻፏቸው «የረኃብ ጨዋታዎች» የሚባሉት ተከታታይ ልብ ወለድ መጻሕፍት በሌላው ዓለም ምን ዓይነት አቀባበል እንዳገኙና፥ በአምቦ፥ በጉደር፥ በጊንጪ፥ በጀልዱና በሌሎቹም የምዕራብ ሸዋ ከተሞች ያደግን ተማሪዎች ስናነባቸው ምን እንደ ተሰማን ነው። መጠይቅ በትነን፥ ቍጥር ሰብስበን ያደረግነው ምርመራ አይደለም። በክረምት ዕረፍት ወደ የቤታችን ስንመለስ አንድ መጽሐፍ እየተቀባበልን ያነበብን ጓደኛሞች፥ ካነበብን በኋላ ያደረግነውን ክርክር መሠረት ያደረገ ነው። የማንንም ጓደኛችንን ስም አናነሣም። የዘመኑም አቈጣጠር ለአገራችን ነገር በዓመተ ምሕረት፥ ለውጭ አገር ነገር ግን እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

የድርሰቱ ፍሬ ነገር

የመጀመሪያው መጽሐፍ በ2008፥ ሁለተኛው በ2009፥ ሦስተኛው በ2010 ታተመ። ደራሲዋ ከዚያ በኋላ ወደ ኋላ ተመልሰው የቀድሞውን ዘመን የሚተርኩ ሁለት መጻሕፍት፥ አንዱን በ2020 ሌላውን በ2025 አሳትመዋል። ከ2012 እስከ 2015 ድረስም ታሪኩ በአራት ፊልሞች ተሠርቶ በዓለም ሁሉ ታይቷል።

ታሪኩ የሚፈጸመው ወደ ፊት በሚመጣ ዘመን፥ ፓኔም በተባለች አገር ነው። ፓኔም ማለት በላቲን ቋንቋ ዳቦ ማለት ሲሆን፥ ዩቬናል የተባለው የሮም ባለቅኔ ሕዝቡ ዳቦና ትርኢት ካገኘ ሌላ ነገር አይጠይቅም ብሎ ከተሳለቀበት ንግግር የተወሰደ ነው። በዚህች አገር ካፒቶል የተባለ ባለጸጋ ዋና ከተማና ለእርሱ የሚገብሩ 12 አውራጃዎች አሉ። አንዱ አውራጃ የድንጋይ ከሰል፥ አንዱ እህል፥ አንዱ ዓሣ፥ አንዱ ልብስ እያመረተ ወደ ዋናው ከተማ ይልካል። አውራጃዎቹ ቀድሞ ዐምፀው ስለ ተሸነፉ፥ ለቅጣት በየዓመቱ ከየአውራጃው ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 18 ዓመት የሆነ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ በዕጣ ይመረጣሉ። እነዚህ 24 ልጆች በአንድ የተከለለ ስፍራ ገብተው አንድ ብቻ እስኪቀር ድረስ ይገዳደላሉ፤ የአገሩም ሕዝብ ይህን በቴሌቪዥን እንዲያይ ይገደዳል። የታሪኩ ባለቤት ካትኒስ የተባለች የ16 ዓመት ልጅ ናት። ዕጣው በ12 ዓመት ታናሽ እኅቷ በፕሪም ላይ ሲወድቅ፥ ካትኒስ በእርሷ ፈንታ ራሷን ሰጥታ ትሄዳለች።

ይህን የመሰለው ድርሰት በእንግሊዝኛ ዲስቶፒያ ይባላል። ይኸውም ዛሬ በጥቂቱ የሚታየውን ክፋት አግዝፎ፥ ነገ እንዲህ እንዳይሆን ተጠንቀቁ ብሎ የሚያስጠነቅቅ ልብ ወለድ ነው። ደራሲዋ ሐሳቡ እንዴት እንደ መጣላቸው ሲናገሩ፥ አንድ ሌሊት የቴሌቪዥኑን ጣቢያ ሲቀያይሩ በአንዱ ወጣቶች ለሽልማት ሲወዳደሩ፥ በሌላው ደግሞ የኢራቅ ጦርነት ሲታይ ሁለቱ ነገር በዓይናቸው እንደ ተቀላቀለ ገልጸዋል። አባታቸውም በቬትናም ጦርነት የዘመቱ ሰው ነበሩ።

መጽሐፉ ወደ እኛ እንዴት እንደ ደረሰ

አምቦ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 114 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ በሆለታ፥ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ በኩል በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በቤት የሚነገረው አፋን ኦሮሞ ነው፤ በትምህርት ቤትም ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ በቁቤ ይጻፋል። አማርኛ እንደ አንድ ትምህርት ይሰጣል፤ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ደግሞ ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ይሆናል። ስለዚህ አንድ የአምቦ ተማሪ ልብ ወለድ ሲያነብ ብዙ ጊዜ በሦስት ቋንቋ ያነባል ማለት ይቻላል። ዓይኑ በእንግሊዝኛው ላይ ይሄዳል፤ ያልገባውን ቃል ለጓደኛው በአማርኛ ይጠይቃል፤ ማታ ለእናቱና ለታናናሾቹ ሲተርክ ደግሞ በአፋን ኦሮሞ ይተርካል።

ከመካከላችን አብዛኞቹ ታሪኩን አስቀድመው ያወቁት በፊልም ነው። ፊልሙ ከስልክ ወደ ስልክ፥ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ እየተገለበጠ ሲዞር አይተውታል። መጽሐፉን ያገኘን ግን በኋላ ሲሆን፥ ልባሱ የተገነጠለ አንድ ቅጂ ብቻ ስለ ነበረን ለአንድ ሰው አምስት ቀን እየወሰንን ተቀባበልነው።

በዚህ ጊዜ ካጋጠመን ነገር አንዱን እንጥቀስ። በመጽሐፉ ልጆቹ በዕጣ የሚመረጡበት ቀን «አጨዳ» ተብሎ ይጠራል። ይህ ስም ለአሜሪካዊ ተማሪ ምናልባት እንግዳ ቃል ሊሆን ይችላል። በጤፍና በስንዴ አገር ላደገ ልጅ ግን በኅዳርና በታኅሣሥ ማጭድ ይዞ፥ ጎንበስ ብሎ የዋለበት ሥራ ነው። ከእኛ አንዱ፥ የገበሬ ልጅ፥ ይህን ቃል ሲሰማ የተናገረው ነገር የክርክራችን መነሻ ሆነ። ገበሬ የሚያጭደው የደረሰውን አዝመራ ነው፤ ቡቃያ የሚያጭድ ገበሬ ግን ወይ አብዷል ወይ እርሻው የእርሱ አይደለም አለን።

ስለ ዕጣውና ስለ እህሉ

በአሜሪካና በአውሮጳ ብዙ ወጣት አንባብያን ከሁሉ ይልቅ የተከራከሩበት ነገር፥ ካትኒስ ከሁለቱ ወጣቶች ከፒታና ከጌል የትኛውን ታገባለች የሚለው ነበር። አንዱ ወገን ለፒታ፥ ሌላው ለጌል ሆኖ እስከ መከፋፈል ደርሰው ነበር። በእኛ ዘንድም ይህ ጨርሶ አልተነሣም ማለት አይደለም። ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ የወሰደብን ስለ ዕጣው አሠራር የሚተርከው ክፍል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ልጅ 12 ዓመት ሲሞላው ስሙ በዕጣው ውስጥ አንድ ጊዜ ይገባል፤ በየዓመቱም አንድ እየተጨመረ በ18 ዓመቱ ሰባት ይደርሳል። ይህ ለሁሉም እኩል ነው። ነገር ግን የድኻ ልጅ ከፈለገ ስሙን አስጨምሮ በምትኩ ለአንድ ሰው ለአንድ ዓመት የሚሆን ጥቂት እህልና ዘይት መቀበል ይችላል። ለእያንዳንዱ ቤተ ሰብ እንዲሁ ማድረግ ይችላል፤ የተጨመረውም ስም በየዓመቱ እየተደመረ ይሄዳል። ካትኒስ ለራሷ፥ ለእናቷና ለእኅቷ ስለምትወስድ በዓመት አንድ በሕግ፥ ሦስት በእህል፥ በጠቅላላው አራት ይገባባታል። ከ12 ዓመቷ ጀምሮ ሲቈጠር አምስት ዓመት ስለ ሆነ 20 ጊዜ ስሟ ገብቷል ማለት ነው። ጌል የ18 ዓመት ልጅ ነው፤ አምስት ነፍስ ስለሚመግብ በዓመት ስድስት፥ በሰባት ዓመት 42 ጊዜ ይገባበታል። እህል መውሰድ ያላስፈለጋት የባለጸጋ ልጅ ግን በ16 ዓመቷ አምስት ብቻ ነው የሚኖራት።

እንግዲህ ዕጣው ዕውር ይመስላል እንጂ ዕውር አይደለም። በሕጉ ላይ ድኻ ይሙት የሚል ቃል የለም፤ ረኃቡ ግን ያንኑ ሥራ ይሠራል። ይህን ስናሰላ ከመካከላችን ማንም ማብራሪያ አልጠየቀም። በድርቅ ዘመን በሰልፍ የሚታደለውን ስንዴና ዘይት ያላየ ወይም ያልሰማ ኢትዮጵያዊ የለምና።

በዚሁ ክፍል ያልጠበቅነውን አስተያየት የሰጡን የአንድ ጓደኛችን እናት ናቸው። ልጃቸው ታሪኩን በአፋን ኦሮሞ ሲተርክላቸው ቡና እየቈሉ ያዳምጡ ነበር። ከዚያም ይህማ አፈሳ ነው አሉ። ታናናሾቹ አፈሳ ምን እንደ ሆነ ስላላወቁ እርሳቸው አስረዱ። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና ዐዋጅ ወጥቶ ከ18 እስከ 30 ዓመት የሆናቸው ወንዶች እንዲዘምቱ ሲታዘዝ፥ ቀበሌውና የገበሬ ማኅበሩ የሚያቀርበው ሰው ቍጥር ይወሰንለት ነበር። ቍጥሩ ካልሞላ ወጣቱ ከገበያ፥ ከመንገድ፥ ከሰርግ ቤት ይታፈስ ነበር። ዕድሜው ያልደረሰም እየታፈሰ ሄዷል። የእርሳቸውም ወንድም በገበያ ቀን ተይዞ አልተመለሰም።

እኚህ እናት በታሪኩ አንድ ነገር ላይ አልተስማሙም። በመጽሐፉ እናት የልጇን ሞት በቴሌቪዥን እንድታይ መገደዷ ከሁሉ የከፋ ግፍ ሆኖ ተጽፏል። እርሳቸው ግን የወንድማቸውን ሞት ያየ፥ የወደቀበትንም ስፍራ የነገራቸው ሰው ስላልነበረ፥ እናታቸው እስኪሞቱ ድረስ በር ሲንኳኳ ይደነግጡ እንደ ነበር ነገሩን። ደራሲዋ የጻፉት ሁሉ የሚያየውን ሞት ነው። በእኛ አገር ግን ማንም ያላየው ሞት ብዙ ነው። ይህን ልዩነት ያስተማሩን መጽሐፉን በዓይናቸው ያላነበቡ ሴት መሆናቸውን ለማስታወስ እንወዳለን።

ስለ ሩና ስለ ዳቦው

በመጀመሪያው መጽሐፍ ከእርሻ አውራጃ የመጣች ሩ የተባለች የ12 ዓመት ልጅ አለች። መልኳ ጠቈር ያለ ቡናማ መሆኑ በመጽሐፉ በግልጽ ተጽፏል። ሆኖም በ2012 ፊልሙ ሲወጣ፥ በአሜሪካ አንዳንድ ተመልካቾች ሩን ጥቍር ልጅ ሆና በማየታቸው ተቈጥተው ጻፉ። መጽሐፉን ወደድነው የሚሉ ሰዎች የተጻፈውን ቃል አልፈው የራሳቸውን መልክ ሰጥተዋት ነበር ማለት ነው። ይህ ነገር በዚያን ጊዜ ብዙ ክርክር አስነሥቷል።

ከእኛ ግን መጽሐፉን ሲያነብ ሩን ሌላ አድርጎ የሳላት አልነበረም። እንዲያውም አንዲቱ ጓደኛችን ሩን ስታነብ ከሰፈሯ አንዲት ልጅ በዓይኗ ትመጣባት እንደ ነበር ነገረችን። ይህን የምንለው እኛ ከሌላው የተሻልን አንባብያን ነን ለማለት አይደለም። ካትኒስ ራሷ በመጽሐፉ ዓይነ ግራጫ ተብላ ሳለች፥ ብዙዎቻችን ሳናውቀው ዓይኗን አጥቍረነዋል። ሰው የወደደውን ልጅ የአገሩ ልጅ ያደርገዋል።

ሩ ስትሞት ካትኒስ ሬሳዋን በአበባ ታለብሳለች። የፊልሙ ተመልካቾች ብዙውን ጊዜ የሚያነሡት ይህን ነው። በእኛ ዘንድ ግን የበለጠ የተነገረለት ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ነገር ነው፤ ይኸውም የሩ አውራጃ ሰዎች፥ ድኾች ሆነው ሳሉ፥ ገንዘብ አዋጥተው ለካትኒስ ዳቦ መላካቸው ነው። በጨዋታው ታሪክ አንድ አውራጃ ለሌላ አውራጃ ልጅ ስጦታ ሲልክ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ለቅሶ ቤት ምግብ ይዞ መሄድ፥ ዕድርተኛው ቤት ለቤት አዋጥቶ ሐዘንተኛውን ማብላት በእኛ አገር የታወቀ ሥርዓት ነው። በመጽሐፉ ግን ዳቦውን የላከው ሐዘንተኛው ራሱ ነው፤ የላከውም ልጁን ለቀበረችለት እንግዳ ነው። ይህ የሥርዓታችን ግልባጭ ስለ ሆነ ልባችንን ነካው። ዐመፁ የተጀመረው በመሣሪያ አይደለም፤ ሰው የሌላውን ልጅ እንደ ራሱ ልጅ በማልቀሱ ነው የሚል አስተያየትም ከዚህ ተነሥቶ በመካከላችን ጸና።

ስለ ምልክቱ

ካትኒስ በዕጣው ቀን ራሷን ስትሰጥ የአውራጃዋ ሕዝብ አላጨበጨበም። የግራ እጁን ሦስት መካከለኛ ጣቶች በከንፈሩ አስነክቶ ወደ እርሷ ዘረጋ። ይህ በመጽሐፉ በቀብር ላይ የሚደረግ የቈየ ልማድ ሲሆን፥ ትርጕሙም ምስጋና፥ አክብሮትና የሚወዱትን ሰው መሰናበት ነው። በኋላ የዐመፀኞች ሁሉ ምልክት ሆነ።

ይህ ምልክት ከመጽሐፍ ወጥቶ ወደ እውነተኛ አደባባይ ገብቷል። በታይላንድ የጦር ሠራዊቱ ግንቦት 22 ቀን 2014 መንግሥቱን ሲይዝ፥ ተቃዋሚዎች ሦስት ጣት ማንሣት ጀመሩ። የጦር መኰንኖቹም ይህን የሚያደርግ ይያዛል ብለው አስጠነቀቁ። በዚያው ዓመት በኅዳር ተማሪዎች ምልክቱን በማሳየታቸው ተያዙ፤ አንዳንድ ሲኒማ ቤቶችም ፊልሙን ሳያሳዩ ቀሩ። በ2021 በምያንማር ተመሳሳይ ግልበጣ ሲደረግ ሐኪሞችና ወጣቶች ይህንኑ ምልክት አነሡ፤ በተባበሩት መንግሥታት የአገሪቱ አምባሳደርም በጉባኤው ፊት ሦስት ጣታቸውን አሳዩ።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ታይላንድ ሦስት ጣት ከማንሣቷ ጥቂት ሳምንት ቀደም ብሎ፥ በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. በአምቦ ተማሪዎችና ነዋሪዎች የአዲስ አበባንና የዙሪያዋን የኦሮሚያ ከተሞች የሚያያይዘውን ማስተር ፕላን በመቃወም ተሰልፈው፥ የጸጥታ ኀይሎች ተኩሰው ሰዎች ሞቱ፤ ከሞቱትም መካከል ተማሪዎች ነበሩ። በኅዳር 2008 ዓ.ም. በጊንጪ የተነሣው ተቃውሞ ደግሞ ወደ መላው ኦሮሚያ ተዛመተ፤ በጥር ወር ማስተር ፕላኑ መቅረቱ ተነገረ፤ ተቃውሞው ግን አልቆመም። በዚህ ጊዜ የተቃውሞው ምልክት ሁለቱን ክንዶች ከራስ በላይ ማመሳቀል ነበር፤ የታሰረ እጅ ማለት ነው። ነሐሴ 15 ቀን 2008 ዓ.ም. በሪዮ ኦሊምፒክ በማራቶን ሁለተኛ የወጣው፥ የጀልዱ ተወላጅ ፈይሳ ሌሊሳ ይህን ምልክት ይዞ መስመሩን ሲያልፍ ዓለም ሁሉ አየው። በጥቅምት 2009 ዓ.ም. በአስቸኳይ ጊዜው ዐዋጅ መሠረት የወጣው መመሪያ ይህን ምልክት ማሳየት ከለከለ።

በዚያ ዘመን እኛ በመጽሐፉ ስም ለዕጣ ለመግባት የምንደርስ ልጆች ነበርን። ከዚያ ሩጫ በኋላ ኳስ ስንጫወት ግብ ያገባ ልጅ ሁሉ ክንዱን ያመሳቅል ነበር። መመሪያው ከወጣ በኋላ ግን ወላጆቻችን በጨዋታም ቢሆን እንዳናደርገው ተቈጡን። ስለዚህ ከዓመታት በኋላ መጽሐፉን ስናነብ፥ አንድ የእጅ ምልክት ሰውን ለሞት ሊያደርሰው ይችላል የሚለው ነገር ለእኛ ፈጠራ አልመሰለንም።

ከነዚህ ሁለት ምልክቶች የምንማረው ነገር አለ። የታይላንድ ወጣቶች ምልክታቸውን ከመጽሐፍ ወሰዱ፤ የእኛ አገር ወጣቶች መጽሐፍ ሳያስፈልጋቸው ከገዛ ኑሯቸው አወጡት። እንግዲህ መጽሐፍ ዐመፅን ይፈጥራል የሚሉ ሰዎች ልክ አይደሉም። አስቀድሞ በሰው ልብ ያለ ነገር ከሌለ ሦስት ጣት ሦስት ጣት ብቻ ነው። ሁለቱንም አገሮች አንድ የሚያደርጋቸው ግን ምልክቱ መከልከሉ ነው። ሹማምንትም በበኩላቸው አንባብያን ናቸው፤ ያነበቡት ደግሞ እኛ ያነበብነውን ነው።

ከጓደኞቻችን አንዱ በዚህ ክፍል ላይ መጽሐፉን ዘግቶ መለሰልን። ስለ ሚያዝያ 2006 ያለው ትዝታ ትምህርት ቤት በድንገት ተለቆ፥ እናቶች ነጠላቸውን ሳያስተካክሉ ልጆቻቸውን ለመፈለግ ሲሮጡ ያየው ነው። የልጆች ሞት እንደ ጨዋታ ሲተረክ ማንበብ አልቻልኩም አለን። ይህን አስተያየት ከሌሎቹ ጋራ እኩል እናስቀምጠዋለን፤ መጽሐፍን አለመጨረስም የአንባቢ መልስ ነውና።

ሌላው ደግሞ በተቃራኒው፥ ካፒቶል አዲስ አበባ ናት፥ አውራጃዎቹ እኛ ነን የሚለውን አተረጓጎም ነቀፈ። እኅቱ በአዲስ አበባ በሰው ቤት ተቀጥራ እየሠራች ታናናሾቿን ታስተምራለች። በከተማዋ የሚራበው ሰው በአውራጃ ከሚራበው አያንስም፤ ምሳሌ ሲበዛ ዘመድን ጠላት ያደርጋል አለ። ይህንንም ትክክል ሆኖ አግኝተነዋል።

መጽሐፍን ስለ መከልከል

የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር በየዓመቱ ከቤተ መጻሕፍት ይውጡ ተብሎ ብዙ አቤቱታ የቀረበባቸውን መጻሕፍት ዝርዝር ያወጣል። «የረኃብ ጨዋታዎች» በ2010፥ በ2011ና በ2013 በዝርዝሩ ውስጥ ነበረ። አቤቱታ አቅራቢዎቹ መጽሐፉ ግድያ ስለሚበዛበት ለልጅ አይሆንም ይላሉ። እኛም በሚስዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስንማር ይህንኑ ቅጂ አንድ መምህር ከእጃችን ወስደው፥ ልጅ ልጅን የሚገድልበት ታሪክ ምን ያስተምራል ብለው ጠይቀውናል። ጥያቄው ቅን ጥያቄ ነበር። ያን ጊዜ መልስ አልነበረንም።

በአገራችንም መጽሐፍ ሲከለከል የመጀመሪያው አይደለም። አቤ ጉበኛ በ1955 ዓ.ም. ባሳተሙት «አልወለድም» በተባለው ድርሰት፥ በእናቱ ማሕፀን ያለ ጽንስ ግፍ ወደ ሞላበት ዓለም አልወለድም ብሎ ይከራከራል። ይህ ዛሬ ዲስቶፒያ የሚባለውን ዓይነት ጽሑፍ በጣም የሚቀርብ ነው፤ መጽሐፉም ታገደ። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ሳይመለስ ቀረ። ሁለቱም መጻሕፍት ከታገዱ በኋላ ይበልጥ ተነበቡ እንጂ አልጠፉም።

ስለ አምባገነን የሚነገረውን ታሪክ ወደ ሩቅ አገር ወስዶ መተረክም ለአምቦ አዲስ ነገር አይደለም። በአምቦ አጠገብ በቦዳ በ1928 ዓ.ም. የተወለዱት ጸጋዬ ገብረ መድኅን በአምቦ ትምህርት ቤት ገና ልጅ ሳሉ፥ የሲራኩስን አምባገነን የንጉሥ ዲዮኒስዮስንና የሁለት ወንድማማቾችን ታሪክ በቲያትር ጽፈው፥ ቲያትሩ በቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ፊት ታይቷል። ሩቁ አገር ለደራሲው መጠለያ፥ ለአንባቢው ደግሞ መስታወት ይሆናል።

ስለ ሦስተኛው መጽሐፍ

በዓለም ላይ ብዙ አንባብያን የመጀመሪያውን መጽሐፍ ወድደው በሦስተኛው አዝነዋል። ምክንያቱም በሦስተኛው መጽሐፍ ድሉ እንደ ተጠበቀው አይደለም። ካትኒስ ለማዳን ብላ ራሷን የሰጠችላት ፕሪም በቦምብ ትሞታለች፤ ቦምቡንም የጣለው የራሷ ወገን ሳይሆን አይቀርም። አዲሲቱ የዐመፀኞች መሪ ኮይን ደግሞ፥ አንድ የመጨረሻ ጨዋታ ይደረግ፥ አሁን ግን የካፒቶል ልጆች ይገዳደሉ የሚል ሐሳብ ታቀርባለች። በሕይወት የቀሩት 7 የቀድሞ አሸናፊዎች ድምፅ ሲሰጡ 4 ለ 3 ያልፋል። ካትኒስ ይሁን ካሉት አንዷ ናት። በኋላ ግን የቀድሞውን አምባገነን እንድትገድል ቀስት ሲሰጣት ዞራ ኮይንን ትገድላለች።

ካትኒስ ለምን ይሁን አለች የሚለው ጥያቄ ሁለት ማታ አከራከረን። አንደኛው ወገን ኮይንን ለማታለልና ለመቅረብ ብላ ነው አለ። ሁለተኛው ወገን ደግሞ በዚያች ሰዓት የእኅቷ ሐዘን እውነተኛ በቀል አስመኝቷት ነበር አለ። መጽሐፉ ለሁለቱም ቦታ ይሰጣል። ክርክሩ ከመጽሐፉ የወጣው፥ ዘመዱ በዚያ በተቃውሞው ዘመን የቈሰለበት አንድ ጓደኛችን፥ ድምፁ ለእኔ ቢሰጠኝ ይሁን እል ነበር ባለ ጊዜ ነው። ለጥቂት ጊዜ ማንም አልመለሰለትም። ከዚያም ያች ሩን በሰፈሯ ልጅ መልክ ያየችው ጓደኛችን፥ የካፒቶልም ልጅ 12 ዓመት ሲሞላው ቡቃያ ነው ብላ የገበሬውን ልጅ ቃል አስታወሰችው። ተከራካሪያችን አሳቤን ለውጫለሁ አላለም። መጽሐፉን እንደገና ለማንበብ ግን ወሰደው።

ይህ ክርክር ለእኛ የሥነ ጽሑፍ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ2010 ዓ.ም. ለውጥ ከመጣ በኋላ በምዕራብ ሸዋ ተኩስ ጨርሶ አልጠፋም፤ ወጣቱም ከአንዱ ወገን ወይም ከሌላው እንዲሰለፍ ሲጠራ ኖሯል። የመጀመሪያው መጽሐፍ የሚጠይቀው ግፍን ለመቃወም ድፍረት አለህ ወይ የሚል ነው። ለዚህ ጥያቄ የአምቦ ልጅ መልስ ከጥንት የታወቀ ነው። ሦስተኛው መጽሐፍ የሚጠይቀው ግን ካሸነፍህ በኋላ የማንን ልጅ ታጭዳለህ የሚል ነው። ይህን ለመመለስ ከድፍረት ሌላ ነገር ያስፈልጋል።

መደምደሚያ

ከላይ እንደ ገለጽነው አንድ መጽሐፍ በየአገሩ ሌላ መጽሐፍ ይሆናል። በአሜሪካ የፍቅርና የመልክ ክርክር ያስነሣው ድርሰት፥ በታይላንድና በምያንማር የአደባባይ ምልክት ሆነ፤ በምዕራብ ሸዋ ደግሞ ስለ እህል ዕደላ፥ ስለ አፈሳ፥ ስለ ለቅሶና ስለ በቀል አነጋገረን።

ልጅ ልጅን የሚገድልበት ታሪክ ምን ያስተምራል ብለው ለጠየቁን መምህር ዛሬ መልስ ለመስጠት እንሞክራለን። ብቻውን ተነብቦ ከተዘጋ ምናልባት ብዙ አያስተምርም። በእናት ፊት ተተርኮ፥ በጓደኛሞች መካከል ተከራክረውበት ሲነበብ ግን፥ ሰው በልቡ የያዘውን በቀል አውጥቶ እንዲመለከተው ያደርጋል። ስለዚህ በየትምህርት ቤቱ ያሉ የንባብ ክበባት እንደዚህ ያሉትን መጻሕፍት ከመሸሽ ይልቅ ከታላላቆች ጋራ ሆነው ቢያነቧቸውና የአረጋውያኑንም አስተያየት በጽሑፍ ቢያኖሩት መልካም ነው እንላለን። የእኛ ቅጂ አሁን ያለው ከዚያ ጓደኛችን ዘንድ ነው፤ አምስት ቀኑ ካለፈ ቈይቷል፥ እኛም መልስ አላልነውም።